ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ፦ የተራራ መንገድ ደስታና የመንገደኛ ዕዳ

በአገራችን ሰው ለጉዞ ሲነሣ እናት ወይም ሽማግሌ ከደጅ ቆመው «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ብለው ይመርቁታል። ምርቃቱ መንገድ ማለት ድካም ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው። ዳገቱ የሚያስለከልክ፣ ቁልቁለቱ ጉልበት የሚያንቀጠቅጥ፣ ወንዙ የሚያሰጋ ስለ ነበረ ደግ ወላጅ ለልጁ የሚመኝለት መንገድ እንደ ተነጠፈ ጋቢ ለጥ ያለውን ነው። ዛሬ በሞተር ብስክሌት ለመዝናናት የሚወጣ ሰው ግን የሚፈልገው የዚህን ምርቃት ተቃራኒ ነው። ካርታውን ዘርግቶ ጣቱን የሚያሳርፈው መንገዱ በተጨማደደበት፣ ኩርባው በበዛበትና ተራራው ከሸለቆው ጋር በሚፋጠጥበት ቦታ ላይ ነው። ቀጥ ያለውንና ሜዳ የሆነውን «አሰልቺ» ብሎ ይተወዋል።

ይህ ምርጫ በራሱ ነውር የለበትም። ሆኖም ጥያቄ ያስነሣል። ለአንዱ መዝናኛ የሆነው ዳገት ለሌላው ማንጎ ጭኖ የሚወጣበት፣ ልጅ አዝሎ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሮጥበት፣ ከብት የሚነዳበት ዳገት ነው። ወዶ የወጣውና ሳይወድ የወጣው መንገደኛ በአንድ ኩርባ ላይ ሲገናኙ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ምን ዕዳ አለበት? ጉዞአችንንስ እንዴት ብናቅደው ነው ደስታችን ዓይናችንን የማይጋርደው? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። እኔም አንድ ቀን በአንድ ኩርባ ላይ በተግባር እስክጠየቀው ድረስ ትንሽ ይመስለኝ ነበር።

መንገዱን ማን ሠራው?

ተራራን ለመልኩ ብሎ መውጣት በሰው ልጅ ታሪክ እምብዛም የቆየ ልማድ አይደለም። በአውሮፓ ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ የሚጠቀሰው ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ በ1336 በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘውን የቫንቱ ተራራ የወጣው ከፍታውን ለማየት ከመመኘት በቀር ሌላ ጉዳይ ሳይኖረው እንደ ነበር በደብዳቤው ጽፎአል። ነገር ግን ከጫፉ ደርሶ ይዞት የነበረውን የቅዱስ አውግስጢኖስን «ኑዛዜ» ቢገልጥ፣ ሰዎች ተራራን እያደነቁ ራሳቸውን መመርመር እንደሚረሱ የሚወቅስ ቃል አጋጠመው። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱን የወረደው በዝምታ ነበር። የተራራ ደስታና ስለዚህ ደስታ የሚነሣው ጥርጣሬ በአንድ ቀን የተወለዱ ናቸው ለማለት ይቻላል።

ዛሬ ለሞተር ብስክሌት ነጂ ውብ የሚባሉት መንገዶች ደግሞ አብዛኞቹ ለውበት የተሠሩ አይደሉም። በአልፕስ ተራሮች 2,757 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያልፈውና በአንድ በኩል ብቻ 48 ሹል ኩርባዎች ያሉት የስቴልቪዮ መንገድ የተሠራው እ.ኤ.አ ከ1820 እስከ 1825 ባሉት ዓመታት ነው። ዓላማው የኦስትሪያ መንግሥት በዚያን ጊዜ ይገዛው የነበረውን ሎምባርዲያን ከቀረው ግዛቱ ጋር ማገናኘት ነበር። ዛሬ በክረምቱ በረዶ ምክንያት ተዘግቶ ሲከፈት የሞተር ብስክሌት መዓት ይጎርፍበታል።

የእኛም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ የጣሊያን ፋሺስት መንግሥት ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን ለጦሩ መተላለፊያ የተቀየሰ ነው። የጣርማ በርን ተራራ ሰርስሮ የሚያልፈው ዋሻም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ሁለቱም የተሠሩት አገር ለመግዛት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ነጋዴው፣ ተማሪውና በሽተኛው ሲመላለስባቸው ኖሮአል። በኬንያም ከናይሮቢ ተነሥቶ ከሊሙሩ በኋላ ወደ ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ቁልቁል የሚወርደውን፣ ወደ ማይ ማሂዩ የሚያደርሰውን መንገድ የሠሩት የጣሊያን የጦር ምርኮኞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት ተማርከው ወደ ኬንያ የመጡ ነበሩ። ከመካከላቸው በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ መንገድ ሲያሠራ የነበረ፣ በኋላም ማይ ማሂዩ ላይ በምርኮኛነት ድንጋይ የፈለጠ ሰው ኖሮ ሊሆን ይችላል። በመንገዱ ዳር እ.ኤ.አ በ1942 የሠሩአት ትንሽ ቤተ ጸሎት ዛሬም አለች። ጥቂት ሰዎች ብቻ የምትይዝ በመሆኗ ሳያያት የሚያልፍ መንገደኛ ብዙ ነው።

እንግዲህ ከላይ ሆነን ሸለቆውን፣ ከሸለቆው መካከልም ብቅ ያለውን 2,776 ሜትር የሎንጎኖት ተራራ ስናይ፣ የቆምንበትን ድንጋይ ያነጠፈው ሰው ለእኛ ደስታ ብሎ አላነጠፈውም። ከዚያው ሥር የሚኖረውም ሰው ተራራውን የሚያየው እኛ በምናይበት ዓይን አይደለም። እ.ኤ.አ ኤፕሪል 29 ቀን 2024 በማይ ማሂዩ አካባቢ ከከፍታው የወረደው ድንገተኛ ጎርፍ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከነቤታቸው ጠርጎ ወስዶአል። ለጎብኚው «ትዕይንት» የሆነው ቁልቁለት ለነዋሪው ውሃው የሚመጣበት አቅጣጫ ነው።

ከዚህ በመነሣት «ታዲያ በሌላው ላብና ሥጋት ላይ መደሰት ኃጢአት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አልስማማም። የምንበላው እንጀራ፣ የምንለብሰው ሸማ ሁሉ የሌላ ሰው ላብ አለበት። በዚህ ምክንያት የማይበላና የማይለብስ የለም። ደስታውን መተው ዕዳውን አይከፍለውም። ይልቅስ መጠየቅ የሚገባው በዚያ መንገድ ላይ ስንገኝ እንዴት ያለ ሰው ሆነን እንደምንገኝ ነው። ወደ ራሴ ጉዳይ የምመጣውም ስለዚህ ነው።

አንድ ኩርባ

ሞተር ብስክሌት ከመኪና የሚለይበትን ነገር አሜሪካዊው ሮበርት ፒርሲግ እ.ኤ.አ በ1974 ባሳተመው «ዜንና የሞተር ብስክሌት አጠባበቅ ጥበብ» በተሰኘው መጽሐፉ አስቀምጦታል። በመኪና የሚሄድ ሰው ዓለምን በመስኮት ልክ ተቆርጣ ያያታል፤ በሞተር ብስክሌት የሚሄደው ግን በውስጧ ነው። ይህ እውነት መሆኑን ከናይሮቢ ተነሥቶ በናኩሩ፣ በማሪጋትና በካባርኔት በኩል ወደ ኢተን የተጓዘ ያውቀዋል። በማለዳ የሊሙሩ ብርድ ጣትን ያደነዝዛል። ሻይ ቅጠሉ ይሸታል። ሸለቆው ውስጥ ሲወርዱ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ይሞቃል። ሞጎቲዮ ላይ የምድር ወገብን ያልፋሉ። ከማሪጋት ቆላ ወደ ካባርኔት የሚያወጣው የቱገን ኮረብታ ዳገት፣ ከዚያም ወደ ኬሪዮ ሸለቆ መልሶ የሚጥለው ቁልቁለት፣ በቼብሎች ድልድይ ሥር በጠባብ ገደል ውስጥ የሚያልፈው የኬሪዮ ወንዝ ተከታትለው ይመጣሉ። በመጨረሻም በታምባች በኩል ወደ ኢተን የሚወጣው ኩርባ በኩርባ ላይ የተደረበ ዳገት አለ። ኢተን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ለሯጮቿ ዝና በመግቢያዋ ቅስት የተሠራላት ከተማ ናት። እኛ በቆጂን ስናስብ የሚሰማን ነገር እዚያም ይሰማል። ከሸለቆው ወለል እስከ እርሷ ያለው ከፍታ ከሺህ ሜትር በላይ ነው። ከካባርኔት እስከ ኢተን ያለው ርቀት ግን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ጉዞዬን ያቀድሁት በጥንቃቄ ነበር። የትኛው ማደያ ላይ ቤንዚን እንደምቀዳ፣ የት ቁርስ እንደምበላ፣ በስንት ሰዓት የት እንደምደርስ በወረቀት ላይ አሰፈርሁ። በምድር ወገብ አጠገብ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ፀሐይም ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታ ማታ በዚያው ሰዓት አካባቢ ስለምትገባ ሒሳቡ ቀላል ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛው ሰዓትን የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ስለሆነ የሚያደናግር ነገር አልነበረም። በወረቀቴ ላይ ባዶ የቀረ ሰዓት አልነበረም። በዚያም ኮርቼ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ኢተን እንደምደርስ ጽፌአለሁ።

ከታምባች በታች ባለው ዳገት፣ ከአንዱ ኩርባ ወጣ እንዳልሁ፣ አንድ ቦዳ ቦዳ ነጂ መንገድ ዳር ወድቆ አየሁ። እርሱ ራሱ አልተጎዳም። ካቴናው ተበጥሶ ሚዛኑን ስቶ ኖሮ የጫነው ሁለት ጆንያ ማንጎ ተዘርግፎ ወደ ቁልቁለቱ ይንከባለል ነበር። በአንድ እጁ ሞተሩን ደግፎ በሌላው እጁን አነሣልኝ። ፍጥነቴን ቀነስሁ። ሰዓቴን አየሁ። «ከኋላዬ የሚመጣ አይጠፋም፤ የአገሩ ሰው ነው፤ ወገኖቹ ይደርሱለታል» ብዬ አሰብሁና ራሴን ነቅንቄለት አለፍሁ። ሻንጣዬ ውስጥ መፍቻና የካቴና ማያያዣ ነበረኝ።

ኢተን የደረስሁት ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ ነው። ከገደሉ አፋፍ ባለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ሻይና ማንዳዚ አዘዝሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። የማንንም ሰዓት አልሻማሁም፤ ማንም አይጠብቀኝም ነበር። ያን ሰው ያለፍሁት ወረቀት ላይ ለጻፍሁት ቁጥር ብዬ እንደ ነበር የገባኝ ሸለቆውን ቁልቁል እያየሁ ሻይ ስጠጣ ነው። ዕይታው እንደ ተነገረልኝ ውብ ነበር፤ አልጣመኝም።

የችኮላ ጥናት

እ.ኤ.አ በ1973 ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ምሁራን አንድ ጥናት አሳተሙ። በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎች የሆኑ 40 ወጣቶችን ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ አዘዙአቸው። ከፊሎቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። በመንገዳቸው ላይ ደግሞ ደጃፍ ላይ ተጠማዝዞ የሚያስልና የሚያቃስት ሰው እንዲያጋጥማቸው ተደረገ። ጊዜ እንዳላቸው ከተነገራቸው መካከል 63 በመቶው ቆመው ረዱ። በጣም እንደ ዘገዩ ከተነገራቸው መካከል ግን የረዱት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ለመናገር መሄዳቸው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ሰውዬውን ተራምደውት አለፉ።

ጥናቱ ሰው ክፉ ነው አይልም። ካለፉት መካከል ብዙዎቹ ተጨንቀው እንደ ደረሱ ተመልክቶአል። የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። በመንገድ ላይ የምናደርገው በጎነት በልባችን ብቻ ሳይሆን በሰዓታችንም ይወሰናል። ሰዓታችንን የምናቅደው ደግሞ አስቀድመን፣ በቤታችን ተቀምጠን፣ ማንም ሳያየን ነው። እኔ ያን ሰው ያለፍሁት ታምባች ላይ መሰለኝ እንጂ በእውነቱ ያለፍሁት ከሁለት ሳምንት በፊት ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቱን ስሞላ ነው። ትርፍ ሰዓት ያልተወ ዕቅድ በመንገዱ ላይ የሚያጋጥመውን ሰው ሁሉ አስቀድሞ መሰናክል አድርጎ ፈርዶበታል። እረኛው መሰናክል ነው። መንገድ የሚሻገሩት ተማሪዎች መሰናክል ናቸው። የወደቀውም ሰው መሰናክል ነው።

እዚህ ላይ ራሱን ምሳሌውን ማስተዋል ይገባል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደው መንገድ በአጭር ርቀት ሺህ ሜትር ያህል የሚያዘቀዝቅ የተራራ መንገድ ነው። በዚያ ያለፈው ሳምራዊ ደግሞ ሥራ ፈት አልነበረም፤ እርሱም መንገደኛ ነበር። ሆኖም ለቁስል የሚሆን ዘይትና ወይን፣ በሽተኛ የሚጭንበት እንስሳ፣ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የሚሰጠው ሁለት ዲናር ነበረው። በማግሥቱም መንገዱን ቀጠለ፤ ሲመለስ የቀረውን እንደሚከፍልም ተናገረ። ስለዚህ ሳምራዊው ያላቀደ ሰው አልነበረም። ስንቁን፣ ገንዘቡንና ሰዓቱን ለራሱ ከሚበቃው አስበልጦ የያዘ ሰው ነው። ደግነቱ ዕቅዱን አላፈረሰውም፤ ዕቅዱ ለደግነቱ ስፍራ ነበረው። በእስልምናም ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ኢብኑ ሰቢል፣ ማለትም በመንገድ የተቸገረ ሰው ነው። መንገደኛ ለመንገደኛ ያለበት ዕዳ በሁለቱም ዘንድ የታወቀ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

«እንግዲያስ ዕቅድ ይቅር፤ እንደ ነፋስ መሄድ ይሻላል» የሚል የመጀመሪያው ተቃዋሚ ነው። ነፃነትን ከሞተር ብስክሌት ጋር አያይዞ የሚያወድስ ሁሉ ይህን ይላል። ነገር ግን ሳያቅድ የወጣ ሰው ነፃ አይደለም፤ ለሌላው ሸክም ነው። ቤንዚን ሳይበቃው፣ ፍሬኑን ሳያስመረምር፣ ምሽት እንደሚይዘው ሳያስብ የወጣ ሞተረኛ በመጨረሻ የሚያስቸግረው ያንኑ ጥድፊያ የበዛበትን የመንገድ ዳር ነዋሪ ነው። በኬንያ ከማርች እስከ ሜይ፣ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበርም በሚዘንበው ዝናብ፣ በኢትዮጵያ ደጋም በክረምት ተራራ መውጣት ምን እንደሚያስከትል አስቀድሞ ማሰብ ግዴታ ነው። በሞያሌ በኩል ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ደግሞ በኬንያ በግራ፣ በኢትዮጵያ በቀኝ እንደሚነዳ ማስታወስ አለበት። እጅ የለመደውን ስለሚሠራ ከድንበሩ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ኩርባ አደገኛ ነው።

ፍጥነትም እንደዚሁ የዕቅድ ልጅ ነው። በደረቅና ጥሩ አስፋልት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ9 ሜትር ገደማ ይቆማል። ፍጥነቱ ሲያጥፍ፣ ማለትም 80 ሲሆን፣ የሚያስፈልገው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ ወደ 35 ሜትር ነው። ነጂው አይቶ ፍሬን እስኪይዝ የሚያልፈው አንድ ሰከንድ ሲጨመርበት 20 ሜትር የነበረው 57 ሜትር ይሆናል። በተራራ ኩርባ ላይ ደግሞ 57 ሜትር ወደፊት የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው። ከኩርባው ማዶ ፍየል ይኑር፣ ማለዳ የሚሮጥ ወጣት ይኑር፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ይኑሩ አይታወቅም። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፤ በሚታየው ርቀት ውስጥ መቆም በሚያስችል ፍጥነት መሄድ። ይህን ደንብ የሚጠብቅ ሰው በእንዲህ ያለ መንገድ በቀን ከ200 ኪሎ ሜትር ብዙም ላያልፍ ይችላል። የሚያቅደውም ያንኑ ልክ ማወቅ አለበት። የ400 ኪሎ ሜትር ዕቅድ የያዘ ሰው ግን ደንቡን እንደሚጥስ ከቤቱ ሳይወጣ ወስኖአል።

«ሕይወቴ የራሴ ናት፤ ብወድቅም እኔው ነኝ» የሚለው አነጋገርም አያስኬድም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ከሞተር ብስክሌት የወደቀ ሰው ከሩቅ ገጠር ሆስፒታል የሚያደርሰው መኪና፣ የሚተኛበት አልጋ፣ የሚያስታምመው ቤተሰብ ያስፈልገዋል። ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ አመልክቶአል። ሄልሜት ማሰር ራስን መውደድ ብቻ አይደለም፤ በሌላው ጫንቃ ላይ ላለመውደቅ መጠንቀቅም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «ለሁሉም መቆም አይቻልም። ኩርባ ላይ መቆም ሌላ አደጋ ያመጣል፤ እርዳታ ፈላጊ መስሎ የሚዘርፍም አለ» ይባላል። እውነት ነው። እያንዳንዱን እጅ ያነሣ ሰው ለማንሣት የሚቆም መንገደኛ የትም አይደርስም፤ ሌሊት በማያውቀው ስፍራ የሚቆምም ጥበበኛ አይደለም። ሆኖም መቆም ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ለመለየት ራሱ ጊዜ ያስፈልጋል። ፍጥነትን ቀንሶ፣ አለፍ ብሎ ግልጽ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ሁኔታውን ማየት የሚችለው ያልቸኮለ ብቻ ነው። የቸኮለ ሰው አይፈርድም፤ ሰበብ ይፈልጋል። እኔ ታምባች ላይ «ወገኖቹ ይደርሱለታል» ያልሁት ፍርድ አልነበረም። ቀን ነበር፤ ቦታው ይታያል፤ ሰውዬው ብቻውን ነበር፤ መፍቻው በእጄ ነበር።

ከዚህም ሌላ አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። እርሱና እኔ ሁለታችንም በሁለት ጎማ የምንሄድ ነበርን። ቦዳ ቦዳ የሚለው ስም በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ሰውን ከኬላ ወደ ኬላ ያመላልሱ ከነበሩ ብስክሌተኞች የመጣ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ በ2008 በትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ላይ የነበረውን ቀረጥ ካነሣች በኋላ ሥራው የአእላፍ ወጣቶች መተዳደሪያ ሆኖአል። ያ ሰው ያን ኩርባ ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል፤ በየቀኑ ከእኔ ሞተር ባነሰ ሞተር ከእኔ የከበደ ጭነት ይዞ ይወጣዋል። እኔ «ጀብዱ» ብዬ ለወዳጆቼ የማወራው ለእርሱ ተራ የማክሰኞ ሥራ ነው።

ባዶው ሰዓት

አባቶቻችን በበቅሎና በእግር በሚጓዙበት ዘመን ዕቅድ ነበራቸው። በሶው ይበጠበጣል፣ ድርቆሹ ይቋጠራል፣ ውሃ የሚገኝበት ስፍራ ይጠየቃል። ነገር ግን ዕቅዱ የሚያልቅበትን ቦታ ያውቁ ነበር። «ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ የሰውን ከንቱነት ለመናገር ይጠቀሳል። እኔ ግን የጉዞ ምክር አድርጌ እሰማዋለሁ። ሩቅ አስብ፤ ቅርብ ማደር ሊመጣ እንደሚችል ግን እወቅ። ቅርብ ያደረ ሰው የማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። ይህ ልማድ የቆመው ሁሉም ሰው አንድ ቀን መንገደኛ እንደሚሆን በማወቅ ላይ ነው። ዛሬ ያሳደረ ነገ ያድራል። ሁሉን በገንዘቡና በወረቀቱ ያዘጋጀ ዘመናዊ ተጓዥ ከዚህ ዙር ወጥቶአል። የማንም እንግዳ አይደለም፤ ለማንም አስተናጋጅ አይደለም።

ስለዚህ አሁን ጉዞ ሳቅድ ከየቀኑ የብርሃን ሰዓት አንድ ሦስተኛውን ባዶ እተወዋለሁ። አራት ሰዓት ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ ምንም አልጽፍበትም። ብዙውን ጊዜ የሚሞላው በዝናብ፣ በተነፈሰ ጎማ ወይም በአንድ ሽማግሌ ወሬ ነው። መጀመሪያ ላይ ይህን ያደረግሁት እንደ ቅጣት ነበር። ውሎ አድሮ ግን ያላሰብሁት ነገር ሆነ። ከጉዞዎቼ ሁሉ የማስታውሰው ያን ባዶ ሰዓት ነው። በዕቅድ የደረስሁባቸው የዕይታ ቦታዎች አንዱ ከሌላው ተቀላቅለውብኛል። አንዲት እናት ዝናቡ እስኪያባራ ከሱቋ በረንዳ ላይ በርጩማ የሰጠችኝን ቀን፣ በኬሪዮ ቆላ ከአንድ መካኒክ ጋር ሻማ ስንቀይር የዋልንበትን ከሰዓት ግን አልረሳቸውም። ለሌላው ይገባል ብዬ የተውሁት ሰዓት የራሴ ደስታ ምንጭ ሆኖ አገኘሁት። ይህ ማለት ግን በጎነት ሁልጊዜ በደስታ ይከፈላል ማለት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ባዶው ሰዓት የሚሞላው ደም በሚፈስሰው ሰውና በማይመጣ መኪና ነው። ያን ቀን ደስታ የለም። ያም ቀን ቢሆን የሰዓቱ ተገቢ ዋጋ ነው።

በማግሥቱ ያንኑ መንገድ ወርጄ ነበር። ኩርባው ላይ ቆምሁ። አስፋልቱ ዳር የተጨፈለቀ ማንጎና የዝንብ መንጋ ነበር እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም። ሰውዬውን ማን እንደ ረዳው፣ ከሁለቱ ጆንያ ስንቱን እንዳተረፈ አላውቅም። ከዚያ ወዲህም በዚያ ባለፍሁ ቁጥር የተለጠፈ ደብተር ያህል የሚሰፋ መሬት ላይ ዓይኔ ያርፋል። ዕዳውን ለሌላ ሰው ከፍዬው ይሆናል፤ ለእርሱ ግን አልከፈልሁትም፤ ልከፍለውም አልችልም።

ስመለስ ማይ ማሂዩ ላይ ያችን ትንሽ ቤተ ጸሎት ሁልጊዜ አልፋት ነበር። ያን ቀን ግን ቆምሁ። የሠሩአት ሰዎች ወዴትም መሄድ የማይችሉ ነበሩ። ሌላው የሚያልፍበትን መንገድ ከሠሩ በኋላ በዳሩ የሚቆምበትን ቤትም ሠሩ። ወጥቼ ሄልሜቴን ሳስር ጭነት የያዘ ቦዳ ቦዳ እያጓራ ዳገቱን ሲጀምር አየሁና «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» አልሁት በልቤ። ለእርሱ ከልብ የሚመኙለት ምርቃት ነው። ለእኔ ግን መንገዱ እንደ ተጨማደደ ይቅርልኝ፤ ሰዓቴ ብቻ ሰፋ ያለ ይሁን።